በብረትና በብረት መሃል

በጫማ ፋብሪካው ሃያ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። «ማስቲሽ» ነበር የሚሏት። ስሙን ያወጣላት የክፍሏ ኃላፊ ነው። ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ዓመት፣ ገዢው ቸኩሏል ተብሎ አንድ ትልቅ ትዕዛዝ በሶሉና በላዩ ቆዳ መሃል የሚሰፋው ቀጭን ጠርዝ ሳይገባበት፣ ተለጥፎ ብቻ እንዲወጣ ታዘዘ። የመጨረሻዋ ፈታሽ እሷ ነበረች።

«በእኔ እጅ አያልፍም» አለች።

ኃላፊው ተቆጣ፤ አላሳለፈችም። ተለማመጠ፤ አላሳለፈችም። በመጨረሻ «ይቺ ሰው አይደለችም፣ ማስቲሽ ናት! አንዴ ከተጣበቀች በምንም አትላቀቅም!» ብሎ በሩን ድርግም አድርጎ ወጣ። ለቅጣት ስምንት ወር መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስታነሣና ስትጥል ከረመች። ስሙ ግን ቀረላት፤ እሷም ጠላሁት ብላ አታውቅም።

ባሏ ሹፌር ነበር። ያችን ፒካፕ ያገኛት ከመጋባታቸው በፊት ነው፤ መኪናዋ በዕድሜ ከእሱ ትበልጥ ነበር። አፍንጫዋ ክብ፣ አራቱ ፓራፋንጎዎቿ ከጎማዎቹ በላይ እንደ ደንዳና ሰው ትከሻ ጎበጥ ያሉ፣ ስትቆም እንኳ ልትሄድ የተነሣች የምትመስል። ቤት የሚለቅ ሰው አልጋና ቁም ሣጥን፣ የግንበኛ አሸዋ፣ የአናጢ ጣውላ፣ ያልተጫነባት ነገር የለም። ሰውየው ትንሽ እንግዳ ድምፅ ሲሰማ ከመኪናው ወርዶ እጁን በኮፈኑ ላይ ያሳርፍና «ምን ሆንሽ?» ይላታል። ማስቲሽ ደግሞ «እኔን እንዲህ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» እያለች ታበሽቀው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀና ማለት አቃተው። በአምስተኛው ሳምንት ከሆስፒታል ሲመለስ ቀኝ እጁ ተንጠልጥሎ፣ ቀኝ እግሩ እየተጎተተ፣ ድሮ ተረብ የሚያወርደው አፉ ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ቃላት ብቻ ይዞ ነበር። ነገር ይገባዋል፤ ሁሉም ነገር ይገባዋል። ቃሉ ነው የማይታዘዝለት። ማስቲሽ በዚያው ዓመት ጡረታዋን አስከብራ ቤት ገባች። የፊት ለፊቱ ክፍል ውስጥ የቆዳ ስፌት መኪናዋን ተክላ የጎረቤቱን ቦርሳና የትምህርት ቤት ሻንጣ እየጠገነች፣ እሱን እያጠበችና እያለበሰች አራት ዓመት አለፈ። ፒካፗ ግቢው ጥግ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ቆማ ቀረች። ድመት ወንበሩ ሥር ወለደችባት። ዝገቱም ሥራውን አልፈታም።

የባሏ ታላቅ ወንድም፣ ዋርሳዋ፣ እሑድ እሑድ እየመጣ ይጠይቃቸዋል። ትልቅ መሥሪያ ቤት ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ክራባቱን የማይፈታ ሰው ነው። ክፉ አልነበረም። አንድ ነገር ግን ነበረው፦ ወንድሙ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ስለ ወንድሙ እሷን ይጠይቃል። «ይበላል?» «እንቅልፍስ ይወስደዋል?» «ሰው ይለያል እንዴ አሁንም?» ይህን በሰማች ቁጥር ማስቲሽ ጥርሷን ትነክሳለች።

አንድ እሑድ በመስኮቱ ወደ ግቢው እያየ እንዲህ አላት፦

«ስሚ፣ ይሄ ብረት ከእንግዲህ ለማን ነው? ግቢውን ከማጣበብ በቀር ምን ጠቀመ? አሮጌ ብረት የሚገዛ ሰው አውቃለሁ፤ ቆራርጦ ይወስድልሻል።»

«ጋሼ፣ ባለቤቱ እዚሁ ተቀምጧል። ለምን እሱን አይጠይቁትም?»

«እሱማ ምን ይላል ብለሽ ነው» አለ ዋርሳዋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወንድሙ የማይሰማ ይመስል።

ማስቲሽ ባሏን አየችው። ፊቱ አልተለወጠም። ግራ እጁ ግን የወንበሩን ክንድ ጨብጦ ጣቶቹ ነጥተዋል። ያኔ ነው የወሰነችው። ከዚያ በፊት ስለ መኪናዋ አስባ እንኳ አታውቅም ነበር።

«አትሸጥም» አለች። «ትሠራለች።»

«ተሠርታስ? ማን ሊነዳት?»

«እኔ።»

ዋርሳዋ ከልቡ ሳቀ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ።»

«ማስቲሽም አይለቅም ጋሼ» አለችው።

ሞተሩ እንደተፈራው አልነበረም። የባሏ የድሮ መካኒክ ሁለት ሳምንት ሙሉ ግቢው ውስጥ ተጋድሞ ከፍቶ ገጠመውና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰፈሩን በጥቁር ጭስ ሞልቶ አስነሣው። ችግሩ ገላዋ ነበር። ለእሱ የቆርቆሮ ሠራተኛ ተጠራ። ሠፈሩ «ስቱኮ» ይለዋል፤ ቀዳዳም ይሁን ስንጥቅ፣ የተጣመመም ይሁን የተጎረደ፣ ስቱኮ ለጥፎበት ቀለም ሲቀባው አዲስ ያስመስለዋልና ነው። እጁ ወርቅ ነው። ትዕግሥቱ ግን አጭር ነው።

ማስቲሽ እሱ ከመምጣቱ ሦስት ቀን ቀድማ ፓራፋንጎዎቹን የያዙትን ብሎኖች አንድ በአንድ ላምባ ስታጠጣ ስለ ነበር ሲፈቱ ብዙም አላስቸገሩም። የኋላ ግራው ፓራፋንጎ ከጭነቱ ሣጥን ተላቆ ሲወርድ ከመሃላቸው አንድ ቡናማ ፍርፋሪ ረገፈ። ስቱኮ በእግሩ ሊጠርገው ሲል ጎንበስ ብላ አነሣችው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቆሻሻ ነው እትዬ፣ ጣይው።»

መዳፏ ላይ አድርጋ ወደ ብርሃኑ ዞረች። እንደ ደረቀ ዳቦ ጠጥሮ ይሰባበራል። አንዱ ጎኑ ድቡልቡል፣ ሌላው ጠፍጣፋ ነበር። በሁለቱ መሃል ደግሞ የተደረደሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይታያሉ።

«ቆሻሻ አይደለም» አለች። «ስፌት አለው።»

ስቱኮ ተነፈሰ። «በቃ፣ ላስቲክ ነው። ድሮ መኪናዋ ስትሠራ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ፣ ውሃም እንዳይገባ በመሃሉ ያስገቡት ነበር። አሁን እንኳን ለዚች ለልጅ ልጇም አይገኝም። እኔ ብረት ለብረት አጋጥምልሽና ስንጥቁን በስቱኮ እሞላዋለሁ። ቀለም ሲያርፍበት እንኳን አንቺ፣ እግዜርም አያየው።»

«ላዩን አሳምረህ ውስጡን ለቄስ!»

«እትዬ፣ ማን ገልጦ ያየዋል?»

እጁን ይዛ ወደ ሣጥኑ ጎተተችው። ላስቲኩ ሳይፈርስ በቆየበት ቦታ ብረቱ የፋብሪካ ቀለሙን እንኳ አልጣለም። ላስቲኩ ፈርሶ ባለቀበት ግን ዝገቱ በልቶት ወንፊት ሆኗል። አመልካች ጣቷን በአንዱ ቀዳዳ አሳልፋ በዚያኛው በኩል አወዛወዘችለት።

«እሱ እያለ ድኗል። እሱ ሲያልቅ አለቀ። ሌላ ምን ምስክር ትፈልጋለህ?»

«በዚህ ሥራ እኮ ሃያ ዓመቴ ነው!»

«እኔ ደግሞ በሁለት ነገር መሃል ጠርዝ ሳስገባ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ። ያለ ላስቲክ አንድ ብሎን አትገባም።»

ስቱኮ መዶሻውን ወደ መሣሪያ ሣጥኑ ወረወረው። ተከራከሩ፤ ድምፃቸው አጥር ተሻገረ። መጨረሻው ግን እሷ እንዳለችው ሆነ። የተበላውን ብረት ቆርጦ በአዲስ ላሜራ በየደው፤ ሣጥኑንና ፓራፋንጎዎቹን ለየብቻ፣ ውስጣቸውንም ጭምር፣ ጥቁር አረንጓዴ ቀባቸው። ፓራፋንጎዎቹን ግን ሳይገጥም ግድግዳ አስደግፏቸው ሄደ። ከበሩ ላይ ዞር ብሎ «ላስቲኩን ስታገኚ ጥሪኝ። ፀጉሬ ሳይሸብት ከሆነ!» አላት።

ያንን ፍርፋሪ በመሃረብ ቋጥራ መለዋወጫ ሱቆችን አዳረሰች። አንዱ የበር ላስቲክ ሰጣት። አንዱ የመስኮት። ሌላው ፍርፋሪውን በሁለት ጣቱ አንሥቶ «እማማ፣ ይሄን ለሙዚየም ስጪው» ብሎ ጓደኞቹን አሳቀባት። «እሺ፣ አንተንም አብሬ እሰጥሃለሁ፤ ለዕቃ ጠባቂነት» ብላው ወጣች። ከዚያ ወደ ጎማ ጠጋኙ ሄደችና ከእንግዲህ የማይነፋ ትልቅ የጭነት መኪና የውስጥ ጎማ፣ ከመነዳሪ፣ ለምና በትከሻዋ ተሸክማ ተመለሰች።

ከመነዳሪውን በሳሙና አጥባ፣ ገልብጣ አደረቀችው። በማስመሪያና በጫማ ቢላዋ በአራት ጣት ስፋት ሸነሸነችው። የተሸነሸነውን ላስቲክ በወፍራም ገመድ ላይ አጠፈችው፤ ገመዱን ተጠግታ ከዳር እስከ ዳር በናይለን ክር ሰፋችው። ከስፌት መኪናዋ ሥር የወጣው ነገር ትክክል ያንን ፍርፋሪ ይመስል ነበር፦ አንዱ ጎን ድቡልቡል፣ ሌላው ጠፍጣፋ ጅራት። ጅራቱ በሁለቱ ብረቶች መሃል ይገባል፤ ድቡልቡሉ ውጭ ቀርቶ አፉን ይዘጋል።

ቸኩላ ግን አልገጠመችውም። ከፋብሪካው የቀረላት ልማድ ነው። ቁራሹን ባልዲ ውኃ ውስጥ ዘፈቀችና በማግስቱ አውጥታ በቢላዋ ሰነጠቀችው። ገመዱ በስፌቱ ቀዳዳ ውኃ ጠጥቶ አብጧል። ሲጨመቅ ይንጠባጠባል።

«ብረቱ ላይ እርጥብ ፎጣ ጠቅልዬ ልተውለት ነበር!» ብላ ሁሉንም ወደ ጓሮ ወረወረችው። ሁለት ቀን ሙሉ የሰፋችው ነው። ደጃፉ ላይ በወንበሩ ተቀምጦ ወደሚያያት ባሏ ዞራ «አየህ አይደል? ሳቅብኝ፣ ሳቅ!» አለችው።

እሱ አልሳቀም። ግራ እጁን አነሣ። አፉ ታገለ።

«ሽ... ሽ...»

«ምን? ሽንት ነው?»

ራሱን በብስጭት ነቀነቀና እጁን ወደ ላይ ቀሰረ። ተከትላ አየች። ከግድግዳው እስከ ጥላው ምሰሶ የተዘረጋው የልብስ ማስጫ፣ አንሶላውና የእሱ ሸሚዞች የተሰጡበት፣ ወፍራም የኤሌክትሪክ ሽቦ ነበር። ከስንት ዓመት በፊት ራሱ ነው የዘረጋው። ዝናብም ፀሐይም ሲፈራረቅበት ኖሮ ልባሱ አንድ ቦታ እንኳ አልተሰነጠቀም።

«ሽቦ!» አለች።

«ሽቦ» አለ እሱም፣ ጥርት አድርጎ። ያኔ ሳቀ፤ ግማሽ ፊቱ ብቻ ነው የሚስቀው፣ ግን ሳቅ ነበር።

ልብሱን ለማውረድ እንኳ አልታገሠችም። በፒንሳ ቆረጠችው። አንሶላው ከነሸሚዙ መሬት ወረደ።

ሽቦው ውኃ አይጠጣም፤ ደግሞም ሲያጎብጡት ጎብጦ ይቀራል፤ ለፓራፋንጎው ቅስት ተወዳዳሪ አልነበረውም። ለአራቱም የሚበቃ ሰፋች፤ የሽቦውን ጫፎች በማጣበቂያ ደፈነቻቸው። ባልዲው ውስጥ ሁለት ቀን ሰንብቶ ሲሰነጠቅ ውስጡ ደረቅ ነበር። ስቱኮን አስጠራችው።

ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ላስቲኩን አገላብጦ አየ፤ ጎተተው፤ አሸተተው። «ማነው የሰፋው?» አለ። መልሱን ሲያውቅ ቁልፎቹን ዘረጋ።

ሥራው እንዳሰበው አልቀለለውም። እንደ ልማዱ ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ብሎኑን እያጠበቀ ሲሄድ ላስቲኩ ወደ ፊት እየተገፋ መሃሉ ላይ እንደ እባብ ተጠማዘዘበት።

«ፍታው» አለች ማስቲሽ።

«ይስተካከላል እኮ...»

«ፍታው አልኩህ። ጫማ ከጫፉ አይወጠርም። ከመሃል ነው የሚጀመረው።»

ፈታው። እሷ ጅራቱን ብሎን በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ በመቀስ እየሸረፈች ከላይ ተንሸራቶ እንዲገባ አደረገች። ቅስቱ ይበልጥ በሚጎብጥበት ቦታ ደግሞ ጅራቱ ተደራርቦ እንዳይከመር ትንንሽ ሦስት ማዕዘን እየቆረጠች አወጣች። የሳሙና ውኃ ቀባችው። ከዚያ ሥርዓቱን ነገረችው፦ ብሎኖቹ ሁሉ በእጅ ብቻ ይገባሉ፤ አንዱም አይጠብቅም። እሷ ከፓራፋንጎው ሥር ተንበርክካ ድቡልቡሉን በሁለት አውራ ጣቶቿ ወደ ውጭ እየገፋች መስመሩን ትይዛለች። እሱ ከመሃል ወደ ግራ አንድ፣ ወደ ቀኝ አንድ እያለ ያጠብቃል። «ገና ነው» ስትለው ይቆማል። «አሁን» ስትለው ሩብ ዙር ይጨምራል። ሦስቱ በዚህ ሁኔታ ገቡ።

አራተኛው፣ የኋላ ግራው ላይ፣ ሥራው ግማሽ ደርሶ ሳለ የግቢው በር ተከፈተ። ዋርሳዋ ነው፤ ከኋላው አንድ ቱታ የለበሰ ሰው፣ ውጭ ደግሞ የሚያንኮራፋ የጭነት መኪና።

«እንደምን አደራችሁ። ሰውየውን ይዤው መጣሁ፤ በዓይኑ አይቶ ይንገረን ብዬ» አለ ዋርሳዋ።

ማስቲሽ ከፓራፋንጎው ሥር አልወጣችም። አውራ ጣቶቿን ካነሣች ላስቲኩ ሊሸሽ ነው።

«ሰው ሲመጣ አይነሣም እንዴ?»

«አልነሣም ጋሼ። እጄ ተይዟል።»

«እኔ እኮ ለእናንተ ብዬ ነው! ወንድሜ ደህና ቢሆን ኖሮ ራሱ ይሸጠው ነበር።»

«ወንድምዎ ደህና ነው! እጁና ምላሱ ነው የታመመው። አራት ዓመት ሙሉ እንደ ቁም ሣጥን በላዩ ላይ አወሩበት፤ እኔም ዝም አልኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዛሬ ወዲያ ግን እምቢ አሻፈረኝ! ስለ መኪናው መጠየቅ የፈለገ ባለቤቱን ይጠይቅ!»

ከዚያ የከዘራ ድምፅ ተሰማ። ሹፌሩ ከደጃፉ ተነሥቶ ነበር። ሰው ሳይደግፈው፣ ቀኝ እግሩን እየጎተተ፣ የግቢውን ድንጋይ አንድ በአንድ እየመረጠ መጣ። ብረት ገዢውና መኪናዋ መሃል ገብቶ ቆመ። አፉ ታገለ፤ ዋርሳዋ ሊያግዘው «አይሸጥም ነው የምትለው?» ሊል ጀምሮ ነበር። ሹፌሩ ከዘራውን ሽቅብ አንሥቶ ዝም አሰኘው፤ ራሱ ሊናገረው ነው።

«የ... የእኔ... ናት።»

ብረት ገዢው ሰውየውን አየ፤ ጎንበስ ብሎ አረንጓዴውን ፓራፋንጎ አየ፤ ዙሪያውን የሚሄደውን ጥቁር መስመር በጣቱ ዳሰሰው። «ጋሼ፣ እኔ የምገዛው የሞተ ብረት ነው። ይሄ እኮ አልሞተም» ብሎ ወጥቶ ሄደ።

ዋርሳዋ ግን ፊቱ ቀልቶ እዚያው እንደቆመ ቀረ። ስቱኮ ቁልፉን እንደያዘ ቀና አለና «ጋሼ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን፤ ብርሃን ከልለውብናል» አለው። ከዚያ ዝቅ ብሎ «አሁን ነው እትዬ?» አላት።

«አሁን» አለችው። እያለቀሰች ነበር፤ አውራ ጣቶቿ ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

ሲጨርሱ ቱቦ አምጥታ ግማሽ ሰዓት ያህል ውኃ አንቦለቦለችበት። ስቱኮ በጀርባው ተኝቶ ከሥር አየ። ጠብታ አልወረደም። የኋላ ግራው ታችኛው ጥግ ላይ ግን፣ በጭቅጭቁ ሰዓት ይሁን ወይም በልቅሶው፣ ላስቲኩ ትንሽ ተጨማዷል። ስቱኮ «በስቱኮ...» ብሎ ሳይጨርስ ዓይኗን አይቶ አፉን ዘጋ። ያ ጭምድድ ያለ ቦታ ዛሬም አለ። ዛሬም ባየችው ቁጥር ያናድዳታል።

መንጃ ፈቃዱ ከላስቲኩ ባሰ። በመጀመሪያው ፈተና ወደ ኋላ ስትነዳ ምልክቱን ገጭታ ወደቀች። ፈታኙ «በዚህ ዕድሜዎ ምን አስጨነቀዎት?» አላት። «አንተን ለማስጨነቅ ነው፤ በሚቀጥለው ወር እመለሳለሁ» አለችው። ተመለሰችም። በሁለተኛው አለፈች። በእነዚያ ወራት ማታ ማታ ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት ሁሉ እያያት፣ ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ በግራ እጁ ማርሹን እያሳያት፣ ስታጠፋም ዳሽቦርዱን በከዘራው እየመታ፣ ሰፈሩ ውስጥ ስትማር ከረመች።

ዋርሳዋ ለሁለት ወር ያህል ቀረ። ከዚያ አንድ እሑድ መጣ። በር ላይ ትንሽ ተንገዋለለና ገብቶ ተቀመጠ። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም። ግን ወንበሩን ወደ ወንድሙ አዙሮ «እንዴት ነህ?» አለው። መልሱ እስኪመጣ ድረስም፣ ረጅም ጊዜ ቢሆንም፣ ጠበቀ።

አሁን ማስቲሽ ባሏን በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ፊዚዮቴራፒ ትወስደዋለች። ቀኝ እጁ አልተመለሰም። ሐኪሙም ይመለሳል አላለም። ቃላቱ ግን ትንሽ በትንሽ እየጨመሩ ነው፤ ከሁሉ ቀድመው የመጡትም ሹፌር ለሹፌር የሚወረወሩት፣ እዚህ የማይጻፉት ናቸው።

ባለፈው ሰኞ ከሕክምናው ሲወጡ፣ እንደ ወትሮው ብብቱን ይዛ ወደ መኪናው ልታወጣው ስትል እጇን መትቶ አስለቀቃት። «ራሴ» አለ። ከዘራውን ወደ ውስጥ ወረወረ። በግራ እጁ የበሩን ጠርዝ ያዘ። ግራ እግሩን መርገጫው ላይ አወጣ፤ ተንሸራተተ፤ እንደገና አወጣ። መንገዱ ጠባብ ነበር። ከኋላቸው አንድ መኪና፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አምስት ተደረደሩ። ክላክስ መጮህ ጀመረ። እሷ ዞራ መሪው ፊት ተቀመጠች። ልትረዳው እጆቿን አልዘረጋችም፤ ጭኗ ላይ ጨብጣ ያዘቻቸው። እሱ አቃሰተ፣ ተንፈራገጠ፣ ግማሽ ገላው ወንበሩ ላይ፣ ግማሹ ውጭ ሆኖ ትንሽ አረፈ። ክላክሱ ባሰ።

ማስቲሽ መስኮቱን ዝቅ አደረገች፤ አንገቷን አውጥታ እስከ መንገዱ ጫፍ በሚሰማ ድምፅ «ጠብቁ! ሰው እየተሳፈረ ነው!» አለች።